ሃያ አራት ጊዜ ያነሰች ቮልስ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮች። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሞዴል መኪኖች ነው፤ ከሳጥን ተበታትነው ወጥተው በእጅ ስለሚገጣጠሙት የፕላስቲክ ኪቶች፣ እንዲሁም ባለሙያዎች ከላሜራ ቀጥቅጠው ስለሚሠሯቸው የጥንት መኪኖች ትንንሽ ቅጂዎች። ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሒሳብ ሥራ አድርጎ ያስበዋል። ትልቁን መኪና ለካ፣ በ24 ወይም በ43 አካፍል፣ የወጣልህን ቁጥር ቅረጽ፣ አለቀ። እኔ ግን በቆየሁበት መጠን የገባኝ ተቃራኒው ነው፦ በማስመሪያ ፍጹም ትክክል የሆነ ሞዴል ብዙ ጊዜ ለዓይን ትክክል አይሆንም፤ ጎበዝ ሠሪ የሚባለውም የት ቦታ ላይ ከልኩ ዝንፍ ማለት እንዳለበት ለይቶ የሚያውቅ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ልኮቹ ራሳቸው ቢሆኑ ከሰማይ የወረዱ አይደሉም። በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው 1፡43 የመጣው ከመኪና ሳይሆን ከአሻንጉሊት ባቡር ነው፤ የእንግሊዝ ባቡር ሠሪዎች አንዱን ጫማ ርዝመት (30 ሳንቲሜትር ያህል) በ7 ሚሊሜትር ይተኩ ስለነበር፣ ከባቡሩ ጎን የሚቆመው መኪናም በዚያው ልክ መሆን ነበረበት። ሊቨርፑል የነበረው የፍራንክ ሆርንቢ ፋብሪካ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለባቡሮቹ ማጀቢያ ያወጣቸው ትንንሽ መኪኖች ከ1934 ጀምሮ ዲንኪ ቶይስ ተባሉ፤ ከዚያ ወዲህ መጠኑ የባቡሩን ሐዲድ ትቶ ለብቻው ኖረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ከእነዚያ መኪኖች ብዙዎቹ ዛሬ በመደርደሪያ ላይ እንዳሉ እየተሰነጠቁ ይፈረካከሳሉ፤ በዚንኩ ቅይጥ ውስጥ የገባው ጥቂት እርሳስ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ቅርጹ ስላነሰ የቁሱ ጠባይ አብሮ አያንስም፤ የዚህ ሥራ ችግር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ነገሩን በቮልስ ላስረዳ። ቮልስን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። ጀርመን ተወልዳ፣ የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከሚገኘው ፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችው ይህች መኪና በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ለብዙ ዘመን ስለኖረች፣ እዚህ ሞዴሏን የሚያይ ሰው ሁሉ ዳኛ ነው። ስለ ፌራሪ ሞዴል አስተያየት የማይሰጥ ጎረቤት የቮልስ ሞዴል ሲያይ መነጽሩን ያወጣል። ታሚያ የተባለው የሺዙኦካ፣ ጃፓን፣ ኩባንያ የ1966ቷን ቮልስ 1300 በ1፡24 መጠን በኪት አውጥቷታል። እውነተኛዋ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ስለሆነ ሞዴሏ 17 ሳንቲሜትር ያህል ናት፤ ስንዝር እንኳ አትሞላም። የፊት መብራቶቿ በመስታወት ሥር ጋደም ያሉ ናቸው፤ ቀጥ ብለው የቆሙት በ1960ዎቹ መገባደጃ ነው። ቮልስ የነዳ ሽማግሌ ይህን ሳይነግሩት ያውቃል።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ልኩ መጀመሪያ የሚፈርሰው እዚያ ነውና። በእውነተኛ መኪና ላይ ያለው ቀለም ውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ያህል ነው። ያንኑ ውፍረት ሞዴሏ ላይ ብትነፉት፣ በትልቋ ቮልስ ላይ ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ቀለም እንደ መደረብ ይቆጠራል፤ በሩና ኮፋኖው የሚለዩበት መስመር ሞልቶ ይጠፋል፤ መኪናዋም በሮቿ የተበየዱ ትመስላለች። ስለዚህ የኪት ቀራጮች የበሩን ክፍተት ከሒሳቡ ሰፋና ጠለቅ አድርገው ይቆርጡታል። ይህ የመጀመሪያው ዝንፈት ነው፤ ሳጥኑ ሳይከፈት የተፈጸመ።

ሁለተኛው የእኔ ድርሻ ነው። የሞዴል ቀለም በእስፕሬይ ቆርቆሮ የሚሸጠው በአውሮፕላን መጫን የተከለከለ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪቱን እንጂ ቀለሙን አያመጣላችሁም። እኔ የምሄደው ወደ ባትላሜራ ቤት ነው። እዚያ መኪና የሚቀቡ አንድ አዛውንት አሉ፤ «ጋሼ፣ ከዚህ ላይ ለአንዲት ትንሽ ቮልስ የሚበቃ ይቀንሱልኝ» ስላቸው «ትንሽ ቮልስ ደግሞ እንዴት ያለች ናት?» ብለው ሣቁብኝ። ሳሳያቸው ግን ሣቁን ትተው አገላብጠው አዩዋት፤ ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ስቱኮው ነበር። የመኪና ቀለም የሞዴሉን ፕላስቲክ ያቃጥለዋል፤ በአንድ ጊዜ ከተነፋበት ገጹ ይሸበሸባል። መፍትሔው መጀመሪያ የመሠረት ቀለም መቀባት፣ ቀጥሎም ከርቀት ደረቅ ጉም የመሰለ ስስ ቀለም እየነፉ፣ ቲነሩ ተንኖ እስኪያልቅ መጠበቅ፣ እንደገና መንፋት ነው። በመጨረሻ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ እንዳይመስል በውኃ በራሰ ልም የብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ የመጨረሻውን አንጸባራቂነት የምሰጠው በጥርስ ሳሙና ነው።

ከጋሼ ጋር የተከራከርነው በሌላ ነገር ነው። ቀለሙን በፋብሪካው ልክ ቀምመው ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ ጥቂት ጠብታ ነጭ እንዲጨምሩበት ለመንኳቸው። «ትክክለኛውን ካገኘህ በኋላ ለምን ታበላሸዋለህ?» አሉ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ትልቁን መኪና ራቅ ብለን ነው የምናየው፤ በመካከል ያለው አየርና ብርሃን ቀለሙን ያፈዘዋል። ሞዴሉን ግን አፍንጫችን ሥር ይዘን ስለምናየው ያው ቀለም ጠቆርና ከበድ ብሎ ይታያል። ነጭ የተጨመረባትንና ያልተጨመረባትን ጎን ለጎን ቀብቼ ወሰድኩላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩና ፈዘዝ ያለችውን አነሡ፤ ምንም ግን አላሉም።

በቮልስ ጎን ላይ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ነጭ ብረት ደግሞ ለብቻው ትዕግሥት ይፈልጋል። በብር ቀለም ከተቀባ ግራጫ መስመር ይሆናል እንጂ ብረት አይመስልም። ስለዚህ እጅግ ስስ የሆነ የአልሙኒየም ፎይል በሙጫ ይለጠፍበታል፤ በጥጥ እየተዳበሰ ከጉብታው ጋር እስኪዋሐድ ይታሻል፤ ጠርዙ በስቴኪኒ ይጫናል፤ ከዚያ በአዲስ ምላጭ ከላይና ከታች ይቆረጥና ትርፉ ይላጣል። ምላጩ ከተጫነ ቀለሙን ይሰነጥቃል፤ ከላላም ፎይሉን ይቀድዳል። ፎይሉ ከሚሊሜትር ባነሰ ወርድ ላይ የመስኮቱን ብርሃን ሲመልስ ማየት ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚበልጥ ደስታ ነው።

ልኩ ከፍ ሲል ፈተናው ይቀየራል። የቶሪኖው ፖኬር፣ ከ1952 ጀምሮ የሠራ የጣሊያን ድርጅት፣ የ1931ዱን አልፋ ሮሜዮ 8ሲ 2300 ሞንዛ እና የሮልስ ሮይስ ፋንተም 2ን በ1፡8 በኪት አውጥቷል፤ የሮልሱ ክፍሎች ከ2,000 ይበልጣሉ። የቸርኬው ሽቦዎች ሳይቀሩ አንድ በአንድ በእጅ ይገባሉ። በዚህ መጠን ሽቦው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስለሚሆን የእውነቱን አሠራር መከተል ይቻላል። ያንኑ ቸርኬ በ1፡43 ለመሥራት ግን ሽቦው ከአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር በታች መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከስስ ብረት በአሲድ ተበልቶ የሚወጣ ዝርግ ቸርኬ ይተካዋል። ፊት ለፊት ሲታይ ድንቅ ነው፣ ከጎን ሲታይ ወረቀት ነው። ከዚያችው ከቶሪኖ የወጣው ሚኬሌ ኮንቲ ደግሞ ያለ ኪት፣ በአብዛኛው በ1፡10 መጠን፣ የፌራሪንና የሌሎችን አካል ከብረት በእጁ ይሠራ ነበር። የከተማዋ የአውቶሞቢል አካል ሠሪዎች ላሜራን በእንጨት ቅርጽ ላይ እየቀጠቀጡ ይሠሩ ስለነበር፣ ለእርሱ ትልቁና ትንሹ ሥራ የአንድ ሙያ ሁለት መጠን ይመስለኛል።

አንዳንድ ውድ ሞዴሎች መቀመጫቸው እውነተኛ ቆዳ መሆኑን በኩራት ያስተዋውቃሉ። እዚህ ላይ አልስማማም። የቆዳ መሸብሸብና ቀዳዳ በ24 ሊካፈል አይችልም፤ ትንሽ መቀመጫ ላይ የተለጠፈ እውነተኛ ቆዳ የዝሆን ቆዳ ይመስላል፤ በጥንቃቄ የተቀባ ፕላስቲክ ግን ቆዳ ይመስላል። በሮቻቸው የሚከፈቱ ሞዴሎችም እንዲሁ ናቸው። በሩ እንዲከፈት ማጠፊያና ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሲዘጋ ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይታያል። በሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ በጥቂት ቁጥር የሚፈሰሱት የሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ሞዴሎች በራቸው አይከፈትም፤ ገጻቸው ግን የጠራ ነው። ልጅ የሚጫወትበት ከሆነ የሚከፈተውን ግዙ፤ ለመደርደሪያ ከሆነ የማይከፈተውን።

ቀጥሎ የምሠራው ሌዳ ነው። ከፊያት 124 የተወረሰችው፣ በ1970 በቶሊያቲ መመረት የጀመረችው ሌዳ ለእኛ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ናት፤ እኔም አንዲት የ1፡43 የብረት ሌዳ አግኝቼ ቀለሟን ገፍፌ አስቀምጫለሁ። ችግሬ ሰማያዊው ነው። ታክሲዎቹ በየጋራዡ በየዓመቱ በዓይን እየተቀመመ ሲቀቡ ስለኖሩ፣ አንዱ ሰማያዊ ከሌላው አይገጥምም፤ ጣሪያው ላይ ያለው ነጭም ፀሐይ የመታው ነው። የሌዳ ታክሲ ያላችሁ ወይም የነበራችሁ አድማጮች፣ በሩን ከፍታችሁ ፀሐይ ያልነካውን የማጠፊያውን አካባቢ፣ ከአጠገቡ ነጭ ወረቀት አስቀምጣችሁ፣ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሡልኝ። ወረቀቱን የምፈልገው ስልኩ ቀለሙን ምን ያህል እንዳዛባው ለማወቅ ነው። ነጭ የምጨምርበት ከዚያ በኋላ ነው። ቸር እንሰንብት።