ገጣሚ መንግሥት ይጥላል እንዴ?

ሰላም ቤተሰብ! እንዴት ናችሁ? ከየካ አባዶ ነው የማወራችሁ። ከኋላ የሚሰማው ጀነሬተር የታች ሱቅ ነው፤ መብራት ጠፍቷል። ባትሪዬ ሳያልቅ ልጀምር።

የዛሬው ጉዳያችን ገጣሚና ፖለቲካ ነው። ገጣሚ ጦር የለው፣ በጀት የለው፣ ወንበር የለው። ታዲያ ባለሥልጣን ለምን ይፈራዋል? ለምንስ ይቀልበዋል?

እኔ ገጣሚን የማመሳስለው ከወያላ ጋር ነው። አትሳቁ! ከአባዶ መገናኛ የምትመላለሱ ትረዱኛላችሁ። ጠዋት ነው፣ ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ሹፌሩ ሙዚቃውን ለቆታል። ከኋላ ወንበር ጥግ ላይ አንዲት እናት «ወራጅ አለ» ይላሉ። ማን ይስማቸው? ይደግሙታል። አሁንም ዝም። ከዚያ ወያላው በሩን በመዳፉ ጧ ጧ ያደርግና «ወራጅ አለ!» ይላል። መኪናው ቆመ። ልብ በሉ፤ ልጁ መሪ አልነካም፣ ፍሬን አልረገጠም። የኋላውን ድምፅ ወደ ፊት አደረሰ፣ በቃ።

ግን ወያላው የማን ሰው ነው? አበሉን የሚሰጠው ሹፌሩ ነው። ቀኑን ሙሉ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለውም ለሹፌሩ ነው። መልስ ሲያስቀርባችሁስ? (መልስ የቀረባችሁ እጅ አውጡ። እኔ ሁለቱንም አውጥቻለሁ።) አዝማሪም እንደዚያው ነበር። የጌታውን ግብር ይበላል፣ ጌታውን ያወድሳል። በዚያው ማሲንቆ ግን የባላገሩን ብሶት ሸጎጥ ያደርጋል። የድሮ ገዢዎች «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር የሚባለው ወደው አይደለም።

ይህ ብሶት የሚሸጎጥበት ዘዴ ሰምና ወርቅ ይባላል። አሠራሩን በፍጥነት፦ ሰም ላይ ላዩን የሚሰማው ትርጉም ነው፣ ወርቅ ውስጥ ያለው፣ ኅብረ ቃል ሁለቱን የሚሸከመው ቃል። ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፤ አለፍኩ።

ኧረ አላለፍኩም! ባለፈው ቪዲዮ ሥር ብዙዎቻችሁ «ሰምና ወርቅ የተፈጠረው ንጉሡን ሳይገባው ለመስደብ ነው» ብላችኋል። ቤተሰብ፣ እንዲህማ አይሆንም። ሰምና ወርቅ የቅኔ መንገድ ነው፤ ቅኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነው። በግዕዝ ይዘረፋል። ተማሪው ከባለ ሁለት ስንኙ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ ባለ ስምንት ስንኙ መወድስ ለመድረስ ቅኔ ቤት ስንት ዘመን ይከርማል! ዋና ሥራውም ምስጋና ነው። ደግሞ «ሳይገባው» ብሎ ነገር ምንድን ነው? ቤተ መንግሥቱ በጸሐፊና በደብተራ የተሞላ ነው። ይገባቸዋል! ከእኔና ከእናንተ አብልጦ ይገባቸዋል። የሰሙ ጥቅም ሌላ ነው። ጌታው ገብቶት፣ እንዳልገባው ሆኖ እንዲያልፍ መውጫ ይሰጠዋል። ከተቆጣ «አዎ፣ እኔን ነው» ብሎ አመነ ማለት ነው። ከሳቀ ሁለቱም በሰላም ያድራሉ። እያወቁ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። እንዲህ ሳስበው ገጣሚውን ብቻ ሳይሆን ጌታውንም አደንቃለሁ። ገብቶት የሚስቅ ባለሥልጣን ዛሬ ከየት ይገኛል?

ጨዋታውን የማያውቅ ሲመጣስ? ጣሊያን መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 በኋላ የጣሊያኑ ገዢ ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየያዙ እንዲረሽኑ አዘዘ። የጣሊያን ዘመን ሊያበቃ ነው እያሉ ሕዝቡን ያነሳሳሉ ብሎ ነው። ማሲንቆ የያዘ ሰው ፈርቶ!

በ1953 ደግሞ ጨዋታውን ያቆሙት ገጣሚዎቹ ራሳቸው ሆኑ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪ ታምሩ ፈይሳ በተማሪዎቹ በዓል፣ በኮሌጅ ቀን፣ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አነበበ። ርዕሱን ስሙት እስቲ። ሰሙ የታለ? ቀጥሎ የካቲት 1957 ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ከዚያ ገሞራው የምንለው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም» የሚለውን ግጥም ይዞ መጣ።

«ታዲያ ንጉሡን ግጥም ነው የጣላቸው!» ልትሉ ነው። ቀስ በሉ። በ1966 የወሎ ረሃብ ነበር። የወታደሩ የደሞዝ ጥያቄ ነበር። የመምህራን አድማ ነበር። ነዳጅ ተወዶ የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቁመው ነበር። (አዎ፣ ታክሲ። እኔ አይደለሁም ያመጣሁት፣ ታሪክ ነው።) ግጥሙ የኋላውን ድምፅ አደረሰ፤ መሪውን የነጠቀው ግን ወታደሩ ነው። እሱም ቢሆን ጽሑፍ ሳይታተም የሚመረምረውን ሳንሱር አላነሳም። ሳንሱር በሕግ የተሻረው በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ነው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ከአባዶ ብዙም አንርቅም። እዚሁ ከጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ገበሬው በኦሮምኛ ገራርሳ የሚባለውን የቃል ግጥም ያንጎራጉራል። ጀግና ይወደስበታል፣ በደልም ይነገርበታል። እኛ የከተማ ሰዎች ስለ ግጥም ስናወራ ግን ሁሌ እንዘለዋለን፤ ይህ ያበሳጨኛል። አያታችሁ ገራርሳ የሚያውቁ ካሉ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ መቅረጫዬን ይዤ እመጣለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ደግሞ... ወራጅ ሳይባል በፊት ተጫኑት። ቻው!