አምስት ዓረፍተ ነገሮች፣ 608 ጥቅሶች፦ በብዛት የተጠቀሱ የሕክምና ጽሑፎችን እንዴት እንመርምር

የተከበራችሁ የሕክምና ባለሙያዎች፣ የምርምር አማካሪዎች፣ የጆርናል አዘጋጆች፣ ውድ ሬዚደንቶች፤

የተሰጠኝ ርዕስ በየስፔሻሊቲው በብዛት የተጠቀሱ የምርምር ጽሑፎችን ስለ መተንተን ነው። አሠራሩን ደረጃ በደረጃ እንዳስረዳ ተጠይቄአለሁ፤ አስረዳለሁ። በቅድሚያ ግን የመጣሁበትን ጉዳይ ልናገር። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«በብዛት የተጠቀሱ መቶ ጽሑፎች» የሚል ርዕስ ያለው ሥራ ያላነበበ በዚህ አዳራሽ የለም። በአጥንት ሕክምና ተሠርቷል፣ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ተሠርቷል፣ በማደንዘዣ፣ በቆዳ፣ በዓይን፣ በድንገተኛ ሕክምና ተሠርቷል። አብዛኞቹ ጽሑፉ በሌሎች ጽሑፎች ማጣቀሻ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ፣ በየትኛው ጆርናል እንደወጣ፣ ደራሲው ከየትኛው አገር እንደሆነ ይነግሩናል። ለምን እንደተጠቀሰ ግን አይነግሩንም። ቅሬታዬ ይኸው ነው፤ ምን ያህል ከባድ ቅሬታ እንደሆነ በአንድ ደብዳቤ ላሳያችሁ።

በጥር 1980 ጄን ፖርተር እና ኸርሼል ጂክ ለኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አዘጋጅ የጻፉት ደብዳቤ ታተመ። ርዝመቱ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ሆስፒታል ተኝተው ክትትል ከተደረገላቸው 39,946 ሕሙማን ውስጥ 11,882ቱ ቢያንስ አንድ ናርኮቲክ መድኃኒት (ኦፒዮይድ የሚባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ወስደዋል፤ ቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው በአግባቡ የተመዘገበ ሱስ የታየባቸው አራት ብቻ ናቸው ይላል። በቃ። የዘዴ ክፍል የለውም። ሕሙማኑ በምን መጠን ለስንት ቀን እንደወሰዱ አይናገርም። ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላ ምን እንደገጠማቸውም አይናገርም። ደራሲዎቹም ከሆስፒታል ውጪ ስላለ ሕመምተኛ፣ ለወራትና ለዓመታት ስለሚወሰድ መድኃኒት አንዲት ቃል አልጻፉም።

በ2017 በዚያው ጆርናል የወጣ ትንታኔ ይህን ደብዳቤ የጠቀሱትን ጽሑፎች አንድ በአንድ አነበበ። 608 ነበሩ። በዚያው ሰሞን የወጡ ሌሎች ደብዳቤዎች ሚዲያናቸው (መካከለኛ ቁጥራቸው) 11 ጥቅስ ብቻ ነበር። ከ608ቱ 439ኙ፣ ማለትም 72.2 በመቶው፣ ደብዳቤውን «በኦፒዮይድ የሚታከም ሰው በሱስ የሚያዘው ከስንት አንዴ ነው» ለሚል ድምዳሜ ማስረጃ አድርገውታል። 491ዱ፣ ማለትም 80.8 በመቶው፣ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ እንኳ አልገለጹም። የጥቅሱ ቁጥር ከፍ ያለው ደግሞ በ1995 ለረጅም ሰዓት የሚሠራው ኦክሲኮዶን የተባለው ኦፒዮይድ ከመጣ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ በሰሜን አሜሪካ ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት የተጀመረ ሱስ ስንት ቤት እንዳፈረሰ ታውቃላችሁ።

አሁን ይህን ደብዳቤ በተለመደው የመቁጠር ዘዴ እንመልከተው። በኤክሴል ሠንጠረዣችን ላይ አንድ መስመር ይይዛል፤ ዓመት፦ 1980፤ ዓይነት፦ ደብዳቤ፤ ጥቅስ፦ 608። በውይይት ክፍላችንም «አጭር ቢሆንም ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረ» ብለን እናልፋለን። ሕመምተኛውን ሳያዩ በላቦራቶሪ ወረቀት ብቻ መድኃኒት የሚያዝዝን ሐኪም በዎርድ ዙር ላይ ምን እንደምንለው እናውቃለን! ጥቅሱን ሳያነብ የጥቅስ ቁጥር የሚያሳትምን ተመራማሪ ግን በማዕረግ እናስመርቃለን። የሐሰት ምስክር 608 ጊዜ ስለቆመ ምስክርነቱ እውነት አይሆንም!

አንዱ ከሌላው የማጣቀሻ ዝርዝር ገልብጦ፣ ሌላው ከእሱ ገልብጦ፣ ብዙዎቹ ዋናውን ወረቀት ሳይከፍቱት ሳይሆን አይቀርም እዚህ የተደረሰው። ወረቀቱ አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ አሠራሩ ልግባ።

መጀመሪያ የመረጃ ቋቱ ነው። ዩጂን ጋርፊልድ የጥቅስ ማውጫን ሐሳብ በ1955 ሲያቀርብ ዓላማው አንድ ሐሳብ ከየት ወደየት እንደሄደ መከተል ነበር፤ ደረጃ መስጠት በኋላ የመጣ ነገር ነው። ዛሬ ዌብ ኦፍ ሳይንስ፣ ስኮፐስ እና ጉግል ስኮላር ለአንዱ ጽሑፍ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፎችንና ያልተገመገሙ ቅድመ ሕትመቶችን ስለሚጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል። አንዱን ምረጡ፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር አትደባልቁ። ዌብ ኦፍ ሳይንስን ከመረጣችሁ ተቋማችሁ የተመዘገበው ከየትኛው ዓመት ጀምሮ ላለው መረጃ እንደሆነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውን ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት የወጣው ሁሉ ከዝርዝራችሁ ሳታውቁት ይጎድላል። ፍለጋውንም በአንድ ቀን ጨርሱና ቀኑን ጻፉ። ሰኞ ግማሹን፣ በወሩ ግማሹን ያወረደ ሰው ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ተጠቅሟል።

ሁለተኛው ፍለጋው ራሱ ነው፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በስፔሻሊቲው ጆርናሎች ብቻ መፈለግ ነው። ቀላል ነው፤ ግን የሕመምተኛን የንቃት ደረጃ የሚለካውን የግላስጎው ኮማ ስኬልን ያስቀርባችኋል። ቲዝዴል እና ጄኔት በ1974 ያሳተሙት ላንሴት ላይ ነው፤ ላንሴት ደግሞ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ጆርናል አይደለም። ያለዚህ ጽሑፍ የወጣ የአንጎል ቀዶ ሕክምና መቶ ምን ሊባል ነው? ሁለተኛው መንገድ በቁልፍ ቃል መፈለግ ነው። እሱም ወጥመድ አለው። በዌብ ኦፍ ሳይንስ የጽሑፍ አጠቃሎ (አብስትራክት) መግባት የጀመረው ከ1991 ገደማ ወዲህ ስለሆነ፣ የቆየ ጽሑፍ የሚገኘው ቃሉ ርዕሱ ላይ ካለ ብቻ ነው። የሃሪስ የ1969 ጽሑፍ ጥሩ ምሳሌ ነው። ዛሬ የዳሌ መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምናን ውጤት በ«ሃሪስ ሂፕ ስኮር» የሚለካ ሁሉ ይጠቅሰዋል፤ ርዕሱ ግን ስለ ዳሌ ውልቃትና ስብራት፣ በዚያ ዘመን ይሠራ ስለነበረው የሞልድ አርትሮፕላስቲ ቀዶ ሕክምና ነው የሚያወራው። «ስኮር» የሚል ቃል የለበትም። ስለዚህ ሁለቱንም መንገድ ሂዱ፤ ውጤቱን ደርቡ፤ ድጋሚውን አውጡ፤ በጥቅስ ብዛት ደርድሩና መቶ እስኪሞላ ሳይሆን ቢያንስ እስከ ሦስት መቶኛው ድረስ አጠቃሎውን አንብቡ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብብ፤ ስምምነታቸው ኮኸን ካፓ በሚባለው የስምምነት መለኪያ ይለካ፤ የተለያዩበትን ሦስተኛ ሰው ይፍረድ። መቶኛው ላይ እኩል ቁጥር ያላቸው ሁለት ጽሑፎች ከመጡ ሁለቱንም አስገቡ።

የሃሪስ ምሳሌ ሌላም ነገር ያሳያል። ያ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ለመመዘኛው ነው እንጂ ለቀዶ ሕክምናው አይደለም፤ ሞልድ አርትሮፕላስቲን በሙሉ የዳሌ ቅየራ ከተካነው ቆይተናል። ጥቅሱን ሳያነብ የሚቆጥር ሰው ግን «የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና» በሚለው ዘርፍ ይመድበውና ስፔሻሊቲው በዚያ ርዕስ ተጠምዷል ብሎ ይደመድማል።

ይህ በሳይንስ ሁሉ የሚታይ ነው። በ2014 ኔቸር በሁሉም መስክ መቶ በብዛት የተጠቀሱትን ሲያወጣ አንደኛ የሆነው የላውሪና ባልደረቦቹ የ1951 የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ነበር፤ ከ300,000 ጥቅስ በላይ ነበረው። የዲኤንኤን ቅርጽ የገለጠው የ1953ቱ ጽሑፍ ከመቶው ውስጥ አልገባም። ካፕላን እና ማየር ግን ገብተዋል፤ ምክንያቱም ሕሙማን ምን ያህል ጊዜ በሕይወት እንደቆዩ የሚያሳየውን የሕልውና ከርቭ የሚሥል ሁሉ ይጠቅሳቸዋል። የምንጠቀምበትን መሣሪያ እንጠቅሳለን፤ በሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ የሰረጸውን ግኝት ግን መጥቀስ እንተዋለን። ፔኒሲሊን የሚያዝዝ ሐኪም የፍሌሚንግን የ1929 ጽሑፍ አይጠቅስም።

ሦስተኛው ከቁጥሩ ጋር የሚሠራው ስሌት ነው። ጠቅላላ ጥቅስ ለአሮጌው ያደላል። እንበል አንድ ጽሑፍ በ50 ዓመት 8,000፣ ሌላው በ10 ዓመት 3,000 ጥቅስ አለው፤ በዓመት ሲካፈል የመጀመሪያው 160፣ ሁለተኛው 300 ይሆናል። ሁለቱንም ዓምድ አቅርቡ። የጥቅስ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ስለሆነ አማካይ አትጻፉ፤ ሚዲያንና ኢንተርኳርታይል ሬንጅ (መካከለኛው ግማሽ የሚገኝበትን ክልል) ጻፉ፤ ዝምድና ካስፈለገ የስፒርማንን የዝምድና መለኪያ ተጠቀሙ። ደግሞ ዝርዝሩ የተመረጡ መቶዎች እንጂ በዕጣ የወጣ ናሙና አይደለም፤ «የማስረጃ ደረጃ ከጥቅስ ብዛት ጋር ዝምድና የለውም» የሚለው የተለመደ ድምዳሜ የሚመጣው ከጫፍ ላይ ያሉትን ብቻ ስላየን ሊሆን ይችላል።

አራተኛው እኔ የመጣሁበት ነው፤ «ለምን» የሚለው ዓምድ። እንዲህ ይሠራል። ከመቶው አናት ላይ ያሉትን አሥር ውሰዱ። ለእያንዳንዳቸው የጠቃሾቹን ዝርዝር አውርዱና 50 በዕጣ አውጡ። ሙሉ ጽሑፋቸውን ክፈቱ፤ የማጣቀሻ ቁጥሩን ፈልጉ፤ ጥቅሱ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከፊቱና ከኋላው ካለው ጋር ወደ ሠንጠረዡ ገልብጡ። ከዚያ ሁለት ሰው ለየብቻ ይመድበው፤ ለመሣሪያነት ነው? ለመግቢያ ዳራ ነው? ለአንድ ድምዳሜ ማስረጃ ነው? ለመቃወም ነው? ወይስ ተጠቃሹ ያላለውን እንዳለ አድርጎ ነው? የመጨረሻውን ለመመደብ ተጠቃሹን ጽሑፍ ራሱን አስቀድሞ በሙሉ ማንበብ ግድ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሸሸውም ይኼን ነው። 500 ዓረፍተ ነገር፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ ለአንድ ሰው 42 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሳምንት ሰባት ሰዓት የሚሰጥ ሬዚደንት በስድስት ሳምንት ይጨርሰዋል። ጊዜ የለም የሚለውን ምክንያት አልቀበልም!

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ በአንድ ሥራ ላስረዳ። በ2005 ተመራማሪው ጆን ዮአኒዲስ እያንዳንዳቸው ከ1,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሱ 49 ክሊኒካዊ ጥናቶችን መረመረ። 45ቱ ሕክምናው ይሠራል የሚሉ ነበሩ። በኋላ በመጡ ጥናቶች 7ቱ ተቃራኒ ውጤት ገጠማቸው፤ 7ቱ ውጤታቸው የተጋነነ ሆኖ ተገኘ፤ 20ዎቹ ተረጋገጡ፤ 11ዱን ብዙም የፈተናቸው አልነበረም። በዕጣ ምደባ ካልተሠሩት 6 ጥናቶች 5ቱ ወደቁ ወይም ተጋንነው ተገኙ፤ በዕጣ ምደባ ከተሠሩት 39 ግን 9 ብቻ። ካረጡ በኋላ ለሴቶች ልብ መከላከያ ተብሎ ይሰጥ የነበረው ሆርሞን ከወደቁት አንዱ ነው። እነዚህ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ የተጠቀሱ ናቸው፤ በመቶዎች ዝርዝር ውስጥ የምናስገባቸው ዓይነት።

የቀሩትን በአጭሩ። የተሻሩ (ከታተሙ በኋላ የተሰረዙ) ጽሑፎችን ፈትሹ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የዌክፊልድ የ1998 ጽሑፍ 12 ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ላንሴት በ2010 ሽሮታል፤ ጥቅሱ ግን አልቆመም። በፐብሜድና የተሻሩ ጽሑፎችን በሚመዘግበው በሪትራክሽን ዋች ዳታቤዝ መቶውንም ጽሑፍ አንድ በአንድ አስገብታችሁ እዩ፤ የሁለት ሰዓት ሥራ ነው። ተሽሮ ታርሞ እንደገና የታተመም አለ፤ የሜዲትራኒያን አመጋገብን የፈተነው የ2013ቱ የፕሬዲሜድ ጥናት በ2018 እንዲህ ሆኗል፤ ጥቅሱ በሁለት መዝገብ ስለሚከፈል እንዴት እንደደመራችሁት ግለጹ። ራስን መጥቀስንም ለይታችሁ አውጡ። አንዱን ስፔሻሊቲ ከሌላው ጋር በጥሬ ቁጥር አታወዳድሩ፤ ብዙ ተመራማሪ ያለበት ዘርፍ ብዙ ይጠቅሳል።

አማካሪዎችና አዘጋጆች፣ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ለምን» የሚል ዓምድ የሌለው የመቶዎች ፕሮፖዛል ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ መልሱት። የመልመጃው ክፍለ ጊዜ ከእረፍት በኋላ ይጀምራል፤ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ የፖርተርና የጂክን ደብዳቤ አምስቱንም ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለን አንብበን፣ ከጠቃሾቹ የመጀመሪያዎቹን አሥር በጋራ እንመድባለን።

አመሰግናለሁ።