ፓንጎሊን ሲጠቀለል

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ወዳጆቼ፣ እንደምን አመሻችሁ?

አንበሳ ፓንጎሊንን፣ ያንን ገላው በቅርፊት የተሸፈነ ምስጥና ጉንዳን በል እንስሳ፣ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ፓንጎሊኑ አይሮጥም። አይናከስም፤ ጥርስ የሚባል ነገር የለውማ! ጭንቅላቱን ሆዱ ሥር ቀብሮ እንደ ኳስ ይጠቀለላል። አንበሳው ያገላብጠዋል፣ ይልሰዋል፣ ይነክሰዋል። ቅርፊቱ አልበገር ሲለው ትቶት ይሄዳል።

ሰው ሲመጣም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰው ግን መንከስ አያስፈልገውም። ጎንበስ ብሎ ያነሳውና ጆንያ ውስጥ ይከተዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

የሚታደነው ለሥጋውና ለቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ መድኃኒት ነው ይባላል እንጂ ኬራቲን ነው፤ ጥፍራችን የተሠራበት ያው ነገር። የስምንቱም ዝርያዎች ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ በ2016 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ሆኖም በ2019 ሲንጋፖር ውስጥ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ25 ቶን በላይ ቅርፊት ተያዘ። ከናይጄሪያ ወደ ቬትናም ሲጓዝ ነበር። 25 ቶን! ከእያንዳንዱ እንስሳ የሚገኘው እኮ ጥቂት ነው።

«ለምን አናረባውም?» የሚሉ አሉ። እናቲቱ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው። ታጥሮ ሲያዝ ይጨነቃል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ብዙው ይሞታል። ከአዳኞች እጅ የተረፈውን እንኳ ተንከባካቢዎቹ ለሰዓታት ሜዳ ይዘውት ይወጣሉ። እሱ ምስጥና ጉንዳኑን ራሱ እየፈለገ ይበላል፤ እነሱ እንደ እረኛ ከኋላ ከኋላው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ልንደርስለት የሚገባው ዱር ውስጥ እያለ ነው። ሳይንሱ እየረዳን ነው። ተመራማሪዎች የተያዘን ቅርፊት ዲኤንኤ መርምረው ከየት አካባቢ እንደመጣ ይከታተላሉ። ታንዛኒያ ውስጥ ደግሞ ትልልቅ አይጦች ቅርፊቱን፣ በሌላ ዕቃ ተሸፍኖ እንኳ፣ አሽትተው እንዲለዩ ሠልጥነዋል። ሲያገኙት ደረታቸው ላይ የታሰረችውን ትንሽ ኳስ ይጎትታሉ፤ ድምፅ ይሰማል። ደስ አይልም? ወደብ ላይ የተያዘ ቅርፊት ግን የሞተ ፓንጎሊን ነው። ገንዘብ ካለን፣ በእኔ እምነት፣ መጀመሪያ ሌሊቱን ዱር ውስጥ ለሚያድሩት ጠባቂዎች ይድረስ።

እናንተን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዱር ውስጥ ፓንጎሊን ካያችሁ አታንሱት። ፎቶ ብታነሱም ቦታውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አትለጥፉ፤ አዳኞችም ያንኑ ገጽ ያያሉ። ለዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች ደውሉ። እስኪመጡም ራቅ ብላችሁ ጠብቁት።

አመሰግናለሁ።