ጤና አዳም፣ ኮሮና እና እንጦጦ

ብሩክ፦ እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ! የዛሬው ወሬያችን በኮሮና ጊዜ ከተሜው አረንጓዴ ቦታ እንዴት እንደናፈቀው ነው። እንጦጦ አለ፣ ጉለሌ አለ፣ ሸገር ፓርክ አለ። አንድ በአንድ እናያቸዋለን።

ሜሪ፦ አንድ በአንድ?

ብሩክ፦ አንቺ ካስወራሽኝ።

ሜሪ፦ እኔ እኮ የዚያን ጊዜ አረንጓዴ ሲባል ትዝ የሚለኝ ጤና አዳሜ ነው።

ብሩክ፦ ጀመረች!

ሜሪ፦ ስማኝማ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ቢጫ የዘይት ጀሪካን ወገቡ ላይ ቆርጬ፣ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳም ተክያለሁ። ለቡና ብዬ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ ተባለ። ወዲያው ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ዳማከሴው፣ ሁሉም መድኃኒት ሆነና አረፈው። ጤና አዳምም አልቀረም። ቤቴ ይንኳኳ ጀመር።

ብሩክ፦ ርቀታችሁን ጠብቁ እየተባለ!

ሜሪ፦ ምን ርቀት! ሁለተኛ ፎቅ ያሉ እትዬ አሉ። ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው «ልጄ፣ ትንሽ ቀንጥሺልኝ» ይሉኛል። እቀነጥሳለሁ። በማግስቱ ልጃቸው ትመጣለች። እሷን ስሸኝ ጎረቤቷ። ግንቦት ላይ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው።

ብሩክ፦ ኮሮናን ግን አላዳነም።

ሜሪ፦ እሱማ የት አድኖ! ቡናዬን አበላሸብኝ እንጂ። ግን ምን ገባኝ መሰለህ? እትዬ ቅጠሉን ተቀብለው አይሄዱም። በረንዳው ላይ ይቆማሉ። ግቢያቸው ለልማት ፈርሶ ነው ኮንዶሚኒየም የገቡት። ጌሾ ነበራቸው፣ ኮክ ነበራቸው። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርገው «ውኃ አብዝተሻል» ብለው ይቆጡኛል።

ብሩክ፦ በሰው ጀሪካን!

ሜሪ፦ በገዛ ጀሪካኔ! ደግሞ ልክ ናቸው፣ አብዝቼ ነበር።

ብሩክ፦ እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። ሸገር ፓርክ የተከፈተው ጳጉሜ 2012 ነው። እንጦጦ ፓርክ ደግሞ በወሩ፣ መስከረም 2013 መጨረሻ ላይ። ያን ሁሉ ወር ቤት ታፍነን ከርመን፣ እንጦጦ ወጥቶ የባሕር ዛፍ ሽታ መሳብ ቀላል ነገር ነው?

ሜሪ፦ ሽታው ድሮም ነበረ። ባሕር ዛፉ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እዚያው ነው። እኔ የምልህ፣ በምን ትሄዳለህ? ታክሲ በግማሽ ጭነት፣ ሒሳቡ እጥፍ ነበር እኮ። ከቱሉ ዲምቱ እንጦጦ ማለት ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነው። እትዬን እንጦጦ ይሂዱ ትላቸዋለህ?

ብሩክ፦ ለአንድ ቅዳሜ ምናለበት?

ሜሪ፦ ሰው የናፈቀው የቅዳሜውን አይደለም። የማታውን ነው። እግሩን አፍታቶ የሚመለስበትን። እኛ ጋ በብሎኮቹ መሃል ሣር ያለበት ቁራጭ ቦታ ነበረች። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ ቤት ውስጥ አብደዋል። ኮሚቴው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በሽቦ አጠራት!

ብሩክ፦ ኮሚቴው ላይ አትፍረጂ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ደግሞ ባይታጠር መኪና ይቆምበት ነበር።

ሜሪ፦ አሁን ምን የቆመበት ይመስልሃል?

ብሩክ፦ እንዳትዪኝ!

ሜሪ፦ ሽቦው ተነሣ፣ ቪትዝ ገባ። ልጆቹ እስካሁን ኮብልስቶን ላይ ነው የሚጫወቱት።

ብሩክ፦ አጥሩ ይቆይ ነበር ማለት ነዋ! ለእኔ ነጥብ ያዢልኝ።

ሜሪ፦ ግማሽ ነጥብ። በር ያለው አጥር ቢሆን ሙሉውን እሰጥህ ነበር።

ብሩክ፦ ቆይ፣ ጉለሌን ሳላነሣ ሰዓቱ አለቀ! የእጽዋት ማዕከሉ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ የአገር ዛፍ በያይነቱ አለ። ጽድ፣ ኮሶ...

ሜሪ፦ ከእኛ ሰፈር በስንት ታክሲ?

ብሩክ፦ አንቺ ልጅ! ትልቁም ትንሹም ያስፈልጋል በይና እንገላገል።

ሜሪ፦ አልልም። መጀመሪያ የደጁ።

ብሩክ፦ እኔም አልስማማም። ጉለሌ በሚቀጥለው ሳምንት፣ አንቺ ጤና አዳም ካላነሣሽ!