ከውርጩ በኋላ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ድንኳኑን ለተከላችሁ ወጣቶች፣ ቡናውን ለምታፈሉልን እናቶች እግዜር ይስጥልን። የሂሳቡ ሪፖርት ከሻይ በኋላ ይቀርባል። ሥራውን ባጭሩ ልናገር፦ ችግኝ ጣቢያው ሳይቋረጥ ከርሟል፣ ኮምፖስቱ ተገላብጧል፣ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያው ተጠግኗል። በሠራችሁት እኮራለሁ።

ዘንድሮ ሁላችንንም ያስደነገጠን ውርጩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ሲጠራና ነፋሱ ሲቆም፣ አፈሩ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይለቀዋል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል። በእንጦጦ ግርጌ ያለን ሰዎች ወንዝ ዳር ያሉት መደቦች ቀድመው ለምን እንደሚቃጠሉ ከዚህ እንረዳለን። ቀን ፀሐይ ሳለ መሬቱን ማጠጣት ይረዳል፤ እርጥብ አፈር ሙቀት ይይዛል። ጆንያ ወይም ጨርቅ ማልበስም ጥሩ ነው። ላስቲክ ግን ቅጠሉን ነክቶ ካደረ የነካውን ያህል ያቃጥላል።

በማግስቱ መቀስ ይዛችሁ የወጣችሁ አላችሁ። እባካችሁ አትቸኩሉ። የጠቆረው ቅጠል ከሥሩ ላለው ቡቃያ ለቀጣዩ ውርጭ ልብስ ነው። አቮካዶውን ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምራችሁ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉት። ውስጡ ቡናማና ደረቅ ከሆነ አንድ ስንዝር ውረዱና እንደገና ጫሩ። እርጥብ አረንጓዴ ያገኛችሁበት ቦታ ሕይወት አለው። መቀስ የሚነካው ብርዱ አልፎ አዲስ ቡቃያ ሲወጣ ነው። የተዳቀለ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ሥር ላይ የተጣበቀ ዛፍ ከሆነ ቡቃያው ከተዳቀለበት ቦታ በላይ መውጣቱን እዩ፤ ከታች የወጣው የሥሩ ዛፍ እንጂ የመረጣችሁት አቮካዶ አይደለም።

እንሰቱን ደግሞ መሃል ላይ ያለውን የተጠቀለለ ቅጠል ያዝ አድርጉት። ጠንካራና ነጣ ያለ ከሆነ ተዉት፤ ይፈታል። ሳብ ሲደረግ እየሸተተ ከወጣ በስብሷል። ድንቹ ቅጠሉ ቢረግፍም ከአፈር ሥር ዓይን አለው፤ አፈር አስታቅፉትና ጠብቁ። ቲማቲሙ ግን አይመለስም።

የጠፋውን ለመተካት ታዲያ ዘር ያስፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ የጋራ የዘር ማሰሮአችን ባዶ ነው። ደንባችን አንድ ማንኪያ የወሰደ ሁለት ይመልስ ይላል። የመለሱት ጥቂቶች ናቸው። ከመለሱትም መካከል ያልደረቀ ጎመን ዘር በፌስታል ቋጥረው ያመጡ አሉ፤ ሻግቶ ጣልነው። በጣም አዝኛለሁ።

ደግሞ ሰው ጥሩውን ጎመን ይበላና ቀድሞ ያበበውን ለዘር ይተዋል። እንዲህ ሲደረግ ቶሎ የሚያብብ፣ ቅጠሉ የሚያንስ ጎመን እያራባን ነው። ዘግይተው ካበቡት ሰፊ ቅጠል ያላቸውን 10 እግር ምልክት አስሩባቸው። የታችኞቹ ዛላዎች ቢጫ ሲሆኑ ጤዛው ሳይረግፍ ጠዋት ቁረጡ፤ ፀሐይ ከወጣ ይፈነዳሉ። ጥላ ላይ አድርቁ። ዘሩ በጥፍር ሲጫን መሰርጎድ የለበትም። ከዚያ 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ፣ በሳምንቱም ቁጠሩ። 16 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ነው። 10 ከሆነ እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከ5 በታች ከሆነ አታምጡልን። የሽንኩርት ዘር በተለይ ዓመት ሲያልፈው ይዳከማል፤ አታክርሙት።

ዛሬ ያልመጣችሁ፣ ይህን የሚነግራችሁ ጎረቤት አታጡም። በክፉ ቀን ከማሰሮው የወሰዳችሁት ዘር ከመደርደሪያችሁ ላይ እያረጀ ነው። ቅር ብሏችሁ ከሆነ ወደ እኔ ኑ፣ እንነጋገር። ዘሩን ግን ላኩት። ከሌላችሁም የሌላችሁ መሆኑን ንገሩን፤ ማንም አይከሳችሁም።

ማሰሮው በሩ ላይ ነው። የምትጨምሩበትን በወረቀት ጠቅልላችሁ ዓይነቱን፣ የተሰበሰበበትን ወርና ከ20ው ስንት እንደበቀለ ጻፉበት። ጉባኤው ተከፍቷል።