ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ሲጠየቅ፦ በሊኑክስ ላይ የዳያል-አፕ ፓኬጅ ሲጎድል

[ስክሪን፦ ጥቁር ተርሚናል፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ይላል]

ጤና ይስጥልኝ። ሊኑክስ ጭናችኋል፤ ሞደሙ ተሰክቷል፤ የስልክ ገመዱም ገብቷል፤ በዳያል-አፕ፣ ማለትም በስልክ መስመር ደውላችሁ፣ ኢንተርኔት ልትገቡ ነው። የሚደውለውን ፕሮግራም፣ ማለትም ደብሊውቪዳያልን፣ እንዲጭን ስታዙት ግን ኮምፒውተሩ «ፓኬጁ አልተገኘም» ብሎ ይመልሳችኋል። ፓኬጁ፣ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀው የፕሮግራሙ ፋይል፣ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔቱ የሚመጣው ደግሞ በፓኬጁ ነው። ቁልፉን ውስጥ ረስቶ በሩን የዘጋ ሰው የሚገጥመው ዓይነት ነገር ነው።

ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ብዙ ሰው እዚህች ቦታ ላይ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ሊኑክስን ስለሚተው ነው። ያሳዝነኛል፤ መውጫው ሩቅ አይደለምና። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ የጎደለውን የሚያውቀው ማሽኑ ራሱ ነው። ከመገመት እሱን መጠየቅ ይሻላል። ማሳያዬ ዴቢያንና ኡቡንቱ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው። ትዕዛዞቹን በስማቸው እጠራለሁ፤ አጻጻፋቸውን ስክሪኑ ላይ ተከታተሉ።

[ስክሪን፦ «ፓኬጁ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ጎልቶ ይታያል]

መልእክቱን ረጋ ብለን እናንብበው። የግድ ፓኬጁ ጭራሽ የለም ማለቱ አይደለም። ፓኬጆችን የሚያመጣውና የሚጭነው ፕሮግራም፣ አፕት፣ የሚፈልገው ኮምፒውተሩ ውስጥ ካስቀመጠው የስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩ የሚሞላው ደግሞ «አፕት-ጌት አፕዴት» ሲታዘዝ ነው። አዲስ የተጫነና ገና ከኢንተርኔት ያልተገናኘ ማሽን ዝርዝሩ ባዶ ነው፤ ወይም የመጫኛው ሲዲ ላይ የነበሩትን ብቻ ይዟል። ስለዚህ የፓኬጁን ስም አሳስቻለሁ ብላችሁ አሥር ጊዜ ደጋግማችሁ አትጻፉ።

ሲዲውን ካነሳሁ አይቀር፣ ሊኑክሱን የጫናችሁበት ዲስክ እጃችሁ ላይ ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ፈትሹ። ዲስኩን አስገብታችሁ «አፕት-ሲዲሮም አድ» ስትሉ አፕት ዲስኩን እንደ ፓኬጅ ምንጭ ይመዘግበዋል። የዴቢያን ዲቪዲ ብዙ ሺህ ፓኬጅ ስለሚይዝ ችግሩ እዚሁ ሊያልቅ ይችላል።

[ስክሪን፦ «ዊች ፒፒፒዲ» የሚል ትዕዛዝ፤ ከሥሩ የፋይሉ አድራሻ]

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በእርግጥ የጎደለ ነገር አለ?

ዳያል-አፕ በሊኑክስ ላይ የሚቆመው በሦስት እግር ነው። አንደኛው የሊኑክሱ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ያለው የፒፒፒ ድጋፍ ነው። ፒፒፒ በስልክ መስመር ላይ የኢንተርኔት ፓኬቶችን የሚያመላልስ ፕሮቶኮል ሲሆን መሠረታዊ ደንቡ በ1994 አርኤፍሲ 1661 በሚል ቁጥር ወጥቷል። ሁለተኛው ፒፒፒዲ የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ወዲያ ማዶ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚስማማው፣ የይለፍ ቃል የሚሰጠው፣ የአይፒ አድራሻ የሚቀበለው እሱ ነው። ሦስተኛው ቁጥሩን የሚደውለው ነው።

ደብሊውቪዳያል ይህንን ሦስተኛውን ሥራ ብቻ ነው የሚሠራው። ሥራውን ያቀልላል፤ ግን የግድ አይደለም። ፒፒፒዲን የያዘው ፓኬጅ ውስጥ ቻት የሚባል ትንሽ ደዋይ አብሮ አለ። ለሞደሙ ኤ፣ ቲ፣ ዲ፣ ቲ ከሚሉት አራት ፊደላት ጋር ስልክ ቁጥሩን ይልክና «ኮኔክት» የሚል መልስ እስኪመጣ ይጠብቃል። የፒፒፒ ፓኬጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሊኑክሱ ጋር አብሮ ስለሚጫን ማሽናችሁ ላይ ሊኖር ይችላል። «ዊች ፒፒፒዲ» ብላችሁ ጠይቁት። የፋይል አድራሻ ከመለሰላችሁ ዛሬውኑ መደወል ትችላላችሁ፤ ምንም ፓኬጅ ማምጣት አያስፈልግም።

[ስክሪን፦ የፒርስ ፋይሉ፣ መስመር በመስመር]

እንዴት? «ፒፒፒኮንፊግ» ካለ ጥያቄ እየጠየቀ ያዘጋጅላችኋል። ከሌለም ሁለት አጫጭር ፋይሎችን በእጅ መጻፍ ነው። አንዱ በኢቲሲ፣ ፒፒፒ፣ ፒርስ ፎልደር ውስጥ «ፕሮቫይደር» በሚል ስም ይቀመጣል። መጀመሪያ ቻትን የሚጠራው መስመር፤ ቀጥሎ ሞደሙ ያለበት ወደብ፣ ለምሳሌ ቲቲዋይኤስ 0፤ ከዚያ 115200 የሚል ቁጥር።

እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቁም፤ ብዙ ሰው ይደናገርበታል። 115200 በኮምፒውተሩና በሞደሙ መካከል ያለው ፍጥነት ነው። የስልክ መስመሩ ፍጥነት ሌላ ነው፤ በቪ 90 ደረጃ ከ56 ኪሎቢት በሰከንድ አይዘልም፣ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ሞደሜ 56 ስለሆነ 56000 ልጻፍ» ያለ ሰው መስመሩን ያበላሸዋል።

የሚቀጥለው «ኖኦት» የሚለው ቃል ነው። የኢንተርኔት አቅራቢው ማንነቱን ለእኛ እንዲያረጋግጥ አንጠይቀውም ማለት ነው፤ የእኛን የይለፍ ቃል ግን አይተወውም። «ዲፎልትራውት» ትራፊኩ ሁሉ በዚህ መስመር እንዲወጣ ያደርጋል። «ዩዝፒርዲኤንኤስ» ደግሞ የስም አገልጋዮቹን አድራሻ ከአቅራቢው ይቀበላል። ተጠቃሚ ስማችሁን በሌላ መስመር ላይ ጻፉ፤ የይለፍ ቃሉን ግን እዚህ አታስገቡት። ቦታው ፓፕ-ሲክሬትስና ቻፕ-ሲክሬትስ የሚባሉት ፋይሎች ናቸው። ቁጥሩን የያዘው ሁለተኛው ፋይል በቻትስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሲያልቅ «ፖን» ስትሉ ይደውላል፣ «ፖፍ» ስትሉ ይዘጋል፣ «ፒሎግ» ስትሉ የሆነውን ሁሉ ይነግራችኋል።

ለእኔ ይህ መንገድ ከሁሉም ይበልጣል። ደብሊውቪዳያልን በኋላ፣ ኢንተርኔቱ ከገባ፣ ተረጋግታችሁ ትጭኑታላችሁ።

[ስክሪን፦ «ይህ ሲስተም የፒፒፒ የከርነል ድጋፍ የለውም» የሚል ስህተት]

አንዳንዴ ፒፒፒዲ ኖሮ የከርነል ድጋፍ የለም ብሎ ያቆማል። ይህም የፓኬጅ ጉድለት ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሞጁሉ፣ ማለትም ሲያስፈልግ የሚነሳው የከርነሉ ክፍል፣ ስላልተነሳ ነው። «ሞድፕሮብ ፒፒፒ ኤሲንክ» ብላችሁ ሞክሩ። ይህ የሚያስቸግረው በተለይ ከርነላቸውን ራሳቸው የገነቡትን ነው።

[ስክሪን፦ የዲፒኬጂ መልእክት፤ የጎደሉት ስሞች በቢጫ]

አሁን ፒፒፒ ራሱ የለም እንበል፤ ወይም ደብሊውቪዳያልን ካልጫንኩ አልተኛም ያለ ሰው አለ። ከሌላ ኮምፒውተር ላይ የደብሊውቪዳያልን ፋይል አውርዶ፣ በፍላሽ አምጥቶ፣ የወረደ የፓኬጅ ፋይል በሚጭነው በዲፒኬጂ «ዲፒኬጂ ሰረዝ አይ» ይላል። የሚመጣው መልስ ይህ ነው፦ ደብሊውቪዳያል በሊብዩኒኮንፍ 4.6 ላይ ይደገፋል፤ ሊብዩኒኮንፍ 4.6 ግን አልተጫነም። ከሥሩ ሊብደብሊውቪስትሪምስ 4.6 ቤዝ። ከሥሩ ኤክስትራስ። አንዱ ፓኬጅ ያለ ሌላው አይቆምም፤ ዲፔንደንሲ የምንለው ይኸው ነው።

ይህን መልእክት ሲያይ የሚደነግጥ አለ። አትደንግጡ፣ ወረቀት አውጡ። ማሽኑ የሚፈልገውን በስምና በቁጥር እየነገራችሁ ነው። ቁጥሩን አትናቁት፤ 4.6 ካለ ሌላ ቁጥር አይተካውም። ፓኬጁ በዚህ ሰዓት ፋይሎቹ ተዘርግተው ሳይዋቀር ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። የጎደሉት ሲመጡ ይጠናቀቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ችግሩን ያስተካክላል የሚባለውን «አፕት-ጌት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል» ያለ ኢንተርኔት ስታስኬዱት፣ አፕት የጎደለውን ማምጣት ስለማይችል ደብሊውቪዳያልን ራሱን በማጥፋት «ሊያስተካክል» ይችላል። አዎ ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚያጠፋ አንብቡ።

[ስክሪን፦ ሁለት ኮምፒውተር፣ በመሃላቸው ፍላሽ]

የጎደለውን አንድ በአንድ እየለቀሙ መመላለስ ግን አድካሚ ነው፤ እያንዳንዱ የመጣ ፓኬጅ የራሱን ጎዶሎ ይዞ ይመጣል። የተሻለው ሙሉውን ዝርዝር በአንዴ ማውጣት ነው። የማሽኑ የስም ዝርዝር የተሞላ ከሆነ «አፕት-ጌት ኢንስቶል ደብሊውቪዳያል» የሚለው ላይ «ፕሪንት ዩአርአይስ» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ። ምንም ሳይጭን የሚያስፈልገውን እያንዳንዱን ፋይል ሊንክ፣ ስምና መጠን ይዘረዝራል። ይህን ጽሑፍ በፍላሽ ወስዳችሁ ኢንተርኔት ባለበት ማሽን ሊንኮቹን ታወርዳላችሁ። ያ ማሽን ዊንዶውስ ቢሆንም ግድ የለም።

ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ አፕት-ኦፍላይን የተሠራው ለዚሁ ነው። ኢንተርኔት በሌለው ማሽን ላይ «ሴት»፤ የሚያስፈልገውን የያዘ ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ኢንተርኔት ባለው ላይ «ጌት»፤ ሁሉንም ያወርዳል። ተመልሶ «ኢንስቶል»። መጀመሪያ የስም ዝርዝሩን ለማደስ፣ ቀጥሎ ፓኬጁን ለማምጣት፣ ሁለት ምልልስ ነው። ፌዶራ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ደግሞ «ዲኤንኤፍ ዳውንሎድ» አለ፤ «ሪዞልቭ» እና «ኦልዴፕስ» የሚሉትን ምርጫዎች አብራችሁ ስጡት። አለበለዚያ በሚያወርደው ማሽን ላይ ቀድመው ያሉትን ይዘልላቸዋል።

እኔ ይህን ከማወቄ በፊት በግምት ነበር የማወርደው። አንድ ጊዜ ሰባት ፋይል ለቅሜ፣ ሁሉንም በስም አመሳክሬ፣ ፍላሹን ሰክቼ ዲፒኬጂን ሳስነሳ «የፓኬጁ አርክቴክቸር ኤኤምዲ64፣ የሲስተሙ አይ386» አለኝ። አንዳቸውም አልገቡም። ያወረድኩበት ማሽን 64 ቢት ነበር፤ የቤቱ አሮጌ 32 ቢት። ያን ቀን የተሰማኝን ድካም ማንም ላይ አልመኝም። ከመውጣታችሁ በፊት «ዲፒኬጂ ፕሪንት አርክቴክቸር» ብላችሁ መልሱን ጻፉት፤ የሊኑክሱን የስሪት ቁጥርም አብራችሁ ያዙ።

ፋይሎቹ ሲሟሉ ሁሉንም በአንድ ፎልደር አስቀምጡና በኮከብ ምልክት በአንድ ትዕዛዝ ለዲፒኬጂ ስጡት። ቅደም ተከተሉን ራሱ ያስተካክለዋል።

[ስክሪን፦ የሞደም ካርድ በቅርበት፤ ከጎኑ ባለ መብራት ውጫዊ ሞደም]

ሌላው ጉድለት የሞደሙ ድራይቨር፣ ማለትም ሊኑክስ ሞደሙን እንዲያሠራ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ነው። በሲሪያል ገመድ የሚገናኝ ውጫዊ ሞደም ምንም ድራይቨር አይፈልግም፤ ምርጫ ካላችሁ እሱን ያዙ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገቡት ብዙዎቹ ካርዶች ግን ዊንሞደም የሚባሉት ናቸው፤ ሞደሙ ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ለሶፍትዌር ይተዋሉ። ያለ ድራይቨሩ ቁራጭ ሰሌዳ ናቸው። «ኤልኤስፒሲአይ» ብላችሁ የቺፑን ሠሪ እወቁ። የስማርትሊንክ ከሆነ ኤስኤልሞደም አለ፤ የኮኔክሳንት ከሆነ ሊኑክሳንት ያወጣው ኤችኤስኤፍ አለ።

እነዚህ ድራይቨሮች ብዙ ጊዜ ከምንጭ ኮዳቸው ማሽኑ ላይ መገንባት አለባቸው። ለመገንባት ጂሲሲና ሜክ የሚባሉት የመገንቢያ ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር እንዲገጥም የሚያደርጉት ፋይሎች፣ የከርነሉ ሄደሮች፣ ያስፈልጋሉ። ሄደሮቹ ከሚሠራው ከርነል ጋር እስከ መጨረሻዋ አሃዝ መመሳሰል አለባቸው፤ «ዩኔም ሰረዝ አር» የሚለውን መልስ ሙሉውን ገልብጡት። በአንድ አሃዝ የተለየ ሄደር ጊዜያችሁን ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም።

በሲም ካርድ የሚሠራ የዩኤስቢ ሞደም ያላችሁ ደግሞ፣ ማሽኑ እንደ ሲዲ ብቻ ካየው የጎደለው ዩኤስቢ-ሞድስዊች ነው።

[ስክሪን፦ ደብሊውቪዳያል እየደወለ]

ሁሉም ከገባ በኋላ «ደብሊውቪዳያልኮንፍ» ሞደሙን ፈልጎ የውቅር ፋይሉን ይጽፋል። ፋይሉን ክፈቱት። ስልክ ቁጥር፣ ተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚሉት መስመሮች ፊት ነጠላ ሰረዝና ነጥብ የያዘች የእንግሊዝኛ ምልክት ታያላችሁ። እሷን ሳታጠፉ ብትሞሉት ፕሮግራሙ መስመሩን አያነበውም። ብዙ ሰው «ፓኬጁ ተበላሽቷል» ብሎ እንደገና የሚጭነው በዚህች ምልክት ምክንያት ነው።

«ኖ ዳያልቶን» ካለ የስልክ ገመዱን እዩ። መስመሩ ድምፅ እያለው እንዲህ ካለ ኤቲኤክስ 3 የሚለውን ትዕዛዝ በማስነሻው መስመር ላይ ጨምሩ፤ ሞደሙ ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል። ወደቡን መክፈት አልተፈቀደልህም ካለ ተጠቃሚያችሁን «ዳያልአውት» እና «ዲፕ» የሚባሉት ቡድኖች ውስጥ አስገቡና ወጥታችሁ ግቡ። ፒፒፒዲ በቁጥር 19 ከሞተ የይለፍ ቃሉን አቅራቢው አልተቀበለውም ማለት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንዱም የፓኬጅ ጉድለት አይደለም።

[ስክሪን፦ «ኮኔክት 49333»]

ይህን መስመር ስታዩ ገብታችኋል። በዚህ ፍጥነት በሰከንድ 6 ኪሎባይት ያህል ይወርዳል፤ 10 ሜጋባይት 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሙሉ ማሻሻያ አትጀምሩ፤ ስትጭኑም «ኖ ኢንስቶል ሬኮሜንድስ» የሚለውን ምርጫ ጨምሩ።

ያወረዳችሁት ሁሉ በቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬውኑ ከፍላሹ ፋይሎች ጋር አንድ ላይ ሲዲ ላይ ጻፉትና በላዩ የሊኑክሱን ስሪትና አርክቴክቸሩን በብዕር ጻፉበት። ሊኑክሱን እንደገና የምትጭኑ ቀን ስልኩ ከመደወሉ በፊት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።