ንቧ የምታየው አበባ

ወንድም፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንቀርጸው ሰበታ፣ እህቴ ግቢ ውስጥ ነው። ከጀርባችን የምትሰሙት የንቦቿን ድምፅ ነው። እትዬ፣ የቀፎዎቹን ቀለም ቀየርሽው እንዴ?

እህት፦ ቀየርኩት። አምና አንዱን ጥቁር ቀይ፣ ጎኑ ያለውን ጥቁር ቀብቼ ነበር። ንቦቹ ቤታቸውን እየሳቱ ሌላው በር ላይ ያርፉና ከዘበኞቹ ጋር ይጣላሉ። ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ ንብ ቀይን ለይታ አታይም፣ ለእሷ ወደ ጥቁር ያደላል። አሁን አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ ነው።

ወንድም፦ ቀለም መለየታቸውስ በምን ታወቀ?

እህት፦ ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለ ኦስትሪያዊ ተመራማሪ ነው ያሳየው፣ በ1914 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው ሥራ። ንቦቹን በሰማያዊ ካርቶን ላይ የስኳር ውሃ አለመዳቸው። ከዚያ ስኳሩን አንስቶ ካርቶኑን ከደማቅ እስከ ደብዛዛ ባሉ ግራጫ ካርቶኖች መካከል አስቀመጠው። ንቦቹ ግራጫዎቹን አልፈው ሰማያዊው ላይ አረፉ። የሚያዩት ብርሃንና ጨለማ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከግራጫዎቹ ከአንዱ ጋር ይምታታባቸው ነበር። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ወንድም፦ ቀይን ካጡ እኛ የምናየውን ያህል አያዩም ማለት ነው?

እህት፦ በምትኩ የእኛ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የሚባል የብርሃን ዓይነት ያያሉ። በእኛ ዓይን ወጥ ቢጫ የሆነ ብዙ አበባ አለ፤ ለንቧ ግን ዳሩ ደማቅ፣ መሀሉ ጠቆር ያለ ክብ ነው። ወለላው ያለው መሀል ላይ ነው! ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ በየቀኑ የማልፍበት ማሳ ለእኔ ያልተጻፈ ምልክት ሞልቶበታል። ደግሞም የነፍሳት የቀለም እይታ ከአበባ ይቀድማል። አበባ ነው ለዚያ ዓይን ያጌጠው።

ወንድም፦ እይታዋ በጣም የጠራ መሆን አለበት።

እህት፦ አይደለም። ሁለቱ ትልልቅ ዓይኖቿ እያንዳንዳቸው ከሺህዎች ጥቃቅን ዓይኖች የተሠሩ ናቸው፤ አናቷ ላይም ሦስት ትንንሽ ዓይኖች አሏት። ያም ሆኖ ዝርዝር ነገር የምታየው ጠጋ ስትል ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚጠራት የማሳው ቀለም ነው፤ ከቅርብ የሚመራት ደግሞ መሀሉ ላይ ያለው ምልክት።

ወንድም፦ አበባውስ ምን ያተርፋል?

እህት፦ ያንን ኑግ ተመልከት። ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ማግኘት አለበት። ንቧ ከኑግ ተነሥታ ሰናፍጭ ላይ፣ ከዚያ ሌላ ነገር ላይ ብታርፍ ብናኙ ባክኖ ይቀራል። እሷ ግን በአንድ ጉዞዋ ብዙውን ጊዜ በአንድ ዓይነት አበባ ትጸናለች። ቀለሙንና ሽታውን ታጠናለች፣ እሱኑ እየፈለገች ትቀስማለች። ለእሷ ጊዜ መቆጠብ ነው፤ ለኑጉ ግን ዘር ነው፣ ለእኛም ዘይት።

ወንድም፦ ገበሬው ይህን ቢያውቅ ማሳውን እንዴት ይይዝ ነበር?

እህት፦ እኔ የምለምነው አንድ ነገር ነው። አምና አንድ ጎረቤታችን ማሳው አብቦ ሳለ እኩለ ቀን ላይ ፀረ ተባይ ረጨ፤ ማታ ቀፎው በር ላይ የሞቱትን በእጄ ዘገንኩ። ንቦቻችን የሚቀስሙት በዓይን ነው፣ ሲመሽ ይገባሉ። በአበባ ወቅት ባይረጭ ነው የምመርጠው፤ የግድ ከሆነ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ይሁን።

ወንድም፦ አሁን የገባችው የኋላ እግሯ ላይ ቢጫ ነገር አለ።

እህት፦ የኑግ ብናኝ ነው። ጎንበስ በልና የሚቀጥሉትንም እይ። እግራቸው ላይ ቀለም የቀላቀለች ታገኛለህ?

ወንድም፦ ይቺም ቢጫ... ያቺኛዋ ደግሞ ነጣ ያለ፣ ግን ሁለቱም እግሯ ላይ አንድ ዓይነት ነው።